ከአውቶቡስ ወርዶ በእግር መማር



የአዋሽንና የዓባይን ስም በቃሉ የሚወጣ ተማሪ በየትምህርት ቤቱ ሞልቷል። ውሃቸው ከምን ላይ እንደሚለያይ በዓይኑ ያየው ግን፣ የአዲስ አበባ ልጅ እንኳ ቢሆን፣ ጥቂት ነው። ምክንያቱ ሲጠየቅ ዘወትር የሚሰጠው መልስ «መኪና የለም» የሚል ነው። ለዚህ ትምህርት ግን መኪና አያሻም።

እስከ ሽሮ ሜዳ የሕዝብ አውቶቡስ ያደርሳል። ከዚያ እስከ እንጦጦ ማርያም ዳገት ነው፤ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ስለሚደርስ ትንፋሽ ያጥራል፤ ስለዚህ አካሄዱ በደካማው ልጅ እርምጃ ይለካ። የማገዶ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ቢያጋጥሙ መንገድ ለቆ ማሳለፍ ተገቢ ነው፤ ይህም ራሱ ትምህርት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበትን ደብር ማየት የታሪክ መምህሩ ድርሻ ይሁን።

ዋናው ነገር ከተራራው ጀርባ ላይ ነው። በደቡብ የወረደው ዝናብ በቀበናና በአቃቂ በኩል አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። በሰሜን ወደ ሱሉልታ የወረደው ግን በሙገር በኩል ከዓባይ ተቀላቅሎ፣ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ፣ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ያመራል። ተማሪው የኮዳውን ውሃ ግማሹን ወዲህ፣ ግማሹን ወዲያ ቢያፈስ ጨዋታ ይመስላል፤ ሆኖም የተፋሰስን ትርጉም ዳግመኛ አይጠይቅም።

የመሳፈሪያ ገንዘብ ላጣ ልጅ ትምህርት ቤቱ ይክፈልለት፤ በዚህ ምክንያት አንድ እንኳ መቅረት የለበትም። በክረምት ጭቃው ያንሸራትታልና ጉዞው ከመስቀል በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ ያን ጊዜ ጅረቶቹ ገና አልደረቁም።