የካሩራ ጫካ ወዳጆችና የእኛ ግራሮች

በካኩማ ካምፕ ለኢትዮጵያውያን ነዋሪዎች ስለ ዛፍ እንክብካቤ የተደረገ ንግግር። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።



 ስለ ዛፍ ልናገር መጠራቴን የሰማ አንድ ጎረቤቴ «ራሽን ሲቀነስ አንተ ስለ ቅጠል ታወራለህ?» አለኝ። አልተቀየምኩትም። ነገር ግን ማሽላውንም ባቄላውንም የሚያበስለው እሳት ነው፤ እሳቱም የሚመጣው ከዛፍ ነው። እናቶቻችንና እህቶቻችን ለማገዶ ርቀው ሲወጡ ምን እንደሚደርስባቸው እዚህ የተቀመጣችሁ ከእኔ ይበልጥ ታውቃላችሁና በዝርዝር አልገባም።

ዛሬ የማነሣላችሁ በናይሮቢ ከተማ ውስጥ ስለሚገኘው ስለ ካሩራ ጫካ ነው። ለጉዳይ ወደ ናይሮቢ የሄዳችሁ በአጠገቡ አልፋችሁ ይሆናል። ስፋቱ 1,000 ሄክታር ያህል ሲሆን፣ በ1932 በቅኝ ገዥዎች ዘመን የመንግሥት ደን ተብሎ ተከለለ። በ1990ዎቹ ግን መሬቱ ለግለሰቦችና ለቤት ሠሪዎች ተሸንሽኖ መሰጠቱ ታወቀ። ፕሮፌሰር ዋንጋሪ ማታይ ይህን ተቃውመው ተነሡ። ጥር 8 ቀን 1999 ከደጋፊዎቻቸው፣ ከፓርላማ አባላትና ከጋዜጠኞች ጋር ሆነው ችግኝ ለመትከል ሲሄዱ በቅጥር ዘበኞች ተደብድበው ራሳቸው ተፈነከተ። ፖሊስ ጣቢያ ሄደው የክስ ቃላቸውን የፈረሙት በዚያው በደማቸው ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የሕዝብ መሬት ማደል በፕሬዚዳንቱ ቃል ታገደ።

በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት መቀበላቸውን፣ በ2011 ማረፋቸውን ብዙዎቻችን ሰምተናል። ታሪኩንም እዚያ ላይ እናቆማለን። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ከድብደባው በፊትና በኋላ የተሠራው፣ ጋዜጣ ብዙም የማያወራው ሥራ ነው።

በፊት የተሠራው ይህ ነው። ማታይ በ1977 የጀመሩት የግሪን ቤልት እንቅስቃሴ ለገጠር ሴቶች ችግኝ እያፈሉ እንዲተክሉ ጥቂት ገንዘብ ይከፍል ነበር። ልብ በሉ፣ ክፍያው ለተተከለው ችግኝ አልነበረም፤ ተተክሎ ለጸደቀው ነበር። ይህን ስሰማ የራሳችን ነገር ትዝ አለኝ። በአንድ ወቅት በእኛ ብሎክ ችግኝ ተተከለ። እንግዶች መጡ፣ ፎቶግራፍ ተነሣ፣ ለስላሳ ታደለ። በሦስተኛው ሳምንት ግማሹን ፍየል በላው፣ ግማሹን ፀሐይ አቃጠለው። ጥፋቱን በሌላ ሰው ላይ አልደፋም፤ ከፎቶግራፉ ውስጥ እኔም አለሁበት። የተከልናትን ማን ውኃ እንደሚያጠጣት አንዳችንም አልጠየቅንም።

በኋላ የተሠራው ደግሞ እንዲህ ነው። ካሩራ ከቤት ሠሪ ቢድንም ለብዙ ጊዜ ሰው የሚፈራው፣ ቀማኛ የሚያደባበት ጫካ ሆኖ ቆየ። በ2005 የወጣው የደን ሕግ ነዋሪዎች ማኅበር መሥርተው ከመንግሥት ጋር ደን እንዲያስተዳድሩ ፈቀደ። በዚህም መሠረት በ2009 «የካሩራ ወዳጆች» የተባለው ማኅበር ተቋቋመ። ከኬንያ የደን አገልግሎት ጋር በመሆን ዙሪያውን በኤሌክትሪክ አጥር አሳጠሩ፤ በጫካው ጥግ ከሚገኘው ከሁሩማ የድሆች መንደር ወጣቶችን ጠባቂ አድርገው ቀጠሩ። ይህ ብልህነት ይመስለኛል። ደኑን ቆራጭ ሊሆን የሚችለው ጎረቤት የደኑ እንጀራ በላተኛ ሆነ። በጎ ፈቃደኞቹም ላንታና የሚባለውን፣ በአገራችን የወፍ ቆሎ የምንለውን ወራሪ ቁጥቋጦ ይነቅላሉ፤ ባሕር ዛፍ በተቆረጠበት ቦታ የአገሩን ዛፍ ይተክላሉ። ከእነዚህም አንዱ የእኛው ወይራ ነው። ዛሬ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ይንሸራሸርበታል።

እርግጥ ነው፣ ካሩራ በኤምባሲዎችና በባለጸጎች ሠፈር የተከበበ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤትም ጎረቤቱ ነው። ለኤሌክትሪክ አጥር የሚሆን ገንዘብ ማግኘት ለእነሱ አይከብድም። የእኛ አጥር እሾህ ነው። ለፍየል ግን እሾህም ይበቃል።

ወደ ራሳችን ልመለስ። በታራች ወንዝ ዳር ያሉት ግራሮች ባለቤት የሌላቸው የሚመስሉን ካለን ተሳስተናል። በቱርካና ባህል የወንዝ ዳር ዛፍ የየቤተሰቡ ድርሻ አለው፤ «ኤክዋር» ይሉታል። የግራሩ ፍሬ በድርቅ ወራት የፍየሎቻቸው ቀለብ ነው። ስለዚህ አንድ ግራር በሌሊት ሲቆረጥ ለእኛ የሦስት ቀን ማገዶ ነው፤ ለባለቤቱ ግን የእህል ጎተራው እንደ ተቃጠለ ነው። ጠዋት የሚመጣው ጠብ ከየት እንደ ተነሣ ለማወቅ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

«እኛ እንግዶች ነን፣ ነገ ለምንለቀው አገር ለምን እንተክላለን?» የሚል ወንድም አይጠፋም። እዚህ ካምፕ ውስጥ ተወልደው ልጅ የወለዱ አሉ። ነገ እንለቃለን እያልን ስንቱን ክረምት አሳለፍን? ችግኟ በዚያን ጊዜ ተተክላ ቢሆን ዛሬ ጥላ ትሆነን ነበር።

የምናቀርበው ሐሳብ ትልቅ አይደለም። በየብሎኩ አምስት ችግኝ ብቻ ይተከል፤ ለእያንዳንዷ ስሙ የታወቀ አንድ ሰው ይመደብ። ውኃው ከቧንቧው ሥር የሚፈሰውና የሳሙና ብዛት የሌለበት እጣቢ ነው። ለማገዶ ማቴንጌ የሚባለው ባለ እሾህ ዛፍ ይቆረጥ፤ ቢቆረጥም መልሶ ያቆጠቁጣል። ግራሩ ግን ይተው። ወንዝ ዳር አንዳች ነገር ከመትከላችንም ሆነ ከመንካታችን በፊት ሦስት ሽማግሌዎች ከእኛ፣ ሦስት ከቱርካና ጎረቤቶቻችን ተቀምጠው ይነጋገሩ። ለዚህ ቋንቋቸውን የምትችሉ ወጣቶች እንድትረዱን እንለምናለን፤ ቋንቋውን በገበያ የለመዳችሁ ሴቶችም ከሁላችን ትበልጣላችሁና አትቅሩ።

ጉድጓድ ቁፋሮ የሚጀመረው ቅዳሜ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ነው። ዶማና አካፋ ያለው ይዞ ይምጣ፤ የሌለው ጄሪካን ይያዝ። ለስላሳ አይታደልም።