በረዶ ከሌለበት አገር የወጣ የበረዶ ስፖርተኛ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በስፖርት ክበብ አባላት የቀረበ ንግግር)



የስፖርት ክበብ ንግግር ያደርጋል ሲባል ስለ አበበ ቢቂላ ወይም ስለ ቀነኒሳ በቀለ የምንናገር መስሏችሁ ይሆናል። ስለ እነርሱ ያልሰማ ሰው በዚህ አዳራሽ አይገኝም። እኛ የመረጥነው ግን ብዙዎቻችሁ ስሙን ያልሰማችሁትን ሰው ነው፤ እርሱም ሮቤል ተክለ ማርያም ነው። ስሙ ከሮቤ ከተማችን ስም ጋር መቀራረቡ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ሰውዬው የአዲስ አበባ ልጅ ነው።

ምርጫው በክበባችን ውስጥ ብዙ ክርክር አስነሥቶ ነበር። ከአባሎቻችን እኩሌቶቹ «ወርቅ በሚታፈስበት አገር፣ ከሰማንያ ሰው በኋላ ስለ ገባ ሰው ምን ይወራል? ወላጆች ይህን ሊሰሙ ነው ያን ሁሉ መንገድ የሚመጡት?» አሉ። ቃላቸው እውነት አለበት። እኛም ይህን ጥያቄ ሳንሸሽገው ይዘነው ቀርበናል።

አስቀድመን ስለ በረዶ ጥቂት እንበል። በአማርኛችን ከሰማይ ተንጣጥቶ ሰብል የሚመታውንም፣ እንደ ጥጥ ቀስ ብሎ የሚወርደውንም፣ ውሃ ሲረጋ የሚጠጥረውንም ሁሉ በረዶ እያልን እንጠራለን። የመጀመሪያውን የገብስ አርሶ አደር ሁሉ ያውቀዋል፤ ይፈራዋልም። ሁለተኛውን በሰነቴ አምባ ላይ አልፎ አልፎ የሚያዩት አሉ፤ ነገር ግን ፀሐይ ሲወጣበት ወዲያው ይጠፋል። ሌሊቱንማ በበጋ ወራት በሰነቴ ላይ ያደረ ሰው ይንገራችሁ፤ ብርዱ ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ ይወርዳል። ከቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣ ከ4,377 ሜትር ላይ ሆኖ ጅብራው ጠዋት በውርጭ ነጭ ለብሶ የሚታይበት ጊዜ አለ። የመሬት ተመራማሪዎችም ከአርባ ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት እነዚህ የባሌ ተራሮች ከላይ የበረዶ ግግር ተሸክመው እንደ ነበረ አረጋግጠዋል። በዚያው ዘመን በፊንጫ ሐበራ ዋሻ ሰዎች እሳት አንድደው፣ ትልቁን ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር። እንግዲህ በረዶ ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ ነው ማለት አይቻልም፤ ጥሎን ከሄደ ግን ቆይቷል።

ሮቤል የተወለደው መስከረም 6 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ከወረዱ ከአራት ቀን በኋላ ነው። ገና ልጅ ሳለ፣ እናቱ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ይሠሩ ስለ ነበረ ከእርሳቸው ጋር ወደ አሜሪካ ሄደ። በዚያም ከሌክ ፕላሲድ አጠገብ በሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ። ሌክ ፕላሲድ ትንሽ ከተማ ናት፤ ሆኖም የክረምት ኦሊምፒክ ጨዋታ በ1924 እና በ1972 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ ተደርጎባታል። በዚያ አካባቢ ልጅ ሁሉ በስኪ መንሸራተት የሚማረው እኛ አገር ልጅ በፈረስ መቀመጥ እንደሚማረው ነው። ሮቤልም ተማረ፤ ቆይቶም በኒው ሃምፕሸር ዩኒቨርሲቲ ሲማር ለዩኒቨርሲቲው የስኪ ቡድን ተወዳደረ። ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ ስኪ እያስተማረ ይኖር ነበር።

እርሱ የሚወዳደርበት ስኪ ብዙዎች በሥዕል የሚያዩት ከተራራ ቁልቁል የሚወረድበት ዓይነት አይደለም። ስኪ የሚባሉት ረዣዥምና ቀጫጭን ሁለት ጠፍጣፎች ከጫማ ጫፍ ጋር ይያያዛሉ፤ በየእጁ አንዳንድ ዘንግ ይያዛል፤ ከዚያ በኋላ ሜዳውም ዳገቱም በራስ ጉልበት ይታለፋል። ዳገት ላይ ሞተር የለም፤ የሚገፋም የለም። ርዝመቱ በሮቤል ውድድር 15 ኪሎ ሜትር ነው፤ ይህም ከሮቤ ጎባ ካለው መንገድ ትንሽ ይበልጣል። ክንድ፣ ጀርባ፣ እግርና ሳንባ ሁሉ በአንድነት ስለሚሠሩ፣ ከስፖርት ሁሉ ትንፋሽ ከሚጨርሱት አንዱ ነው ይባላል።

አሁን የቀዝቃዛ አገር ሰው በዚህ ሙያ እንዴት እንደሚያድግ ለማነጻጸር አንድ የቼክ ሰው እንጥራ። የቼክ አገር ስም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮም ያፈረሰው የኦሊምፒክ የማራቶን ሰዓት የቼኩ የኤሚል ዛቶፔክ ነበርና። የምንጠራው ሰው ያሮሚር ያግር ይባላል፤ የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ነው። በዚህ ጨዋታ በየወገኑ ስድስት ስድስት ሰዎች ምላጭ ያለው ጫማ አድርገው በጠጠረ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ አንዲት ጠፍጣፋ ክብ ጎማ በቆልማማ ዱላ ወደ ጎል ይመታሉ። ያግር በ1964 ዓ.ም. በክላድኖ ከተማ ሲወለድ የበረዶው ሜዳ፣ ክለቡ፣ አሠልጣኙና ተመልካቹ ሁሉ ቀድመውት ነበሩ። ገና በአሥራ ስምንት ዓመቱ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ለፒትስበርግ ቡድን ተጫወተ፤ በ1983 እና በ1984 ዓ.ም. ከቡድኑ ጋር ትልቁን ዋንጫ ወሰደ፤ በ1990 ዓ.ም. በጃፓን በናጋኖ ከአገሩ ቡድን ጋር የኦሊምፒክ ወርቅ አገኘ። በኋላም የክላድኖ ክለብ ባለቤት ሆኖ ሃምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ እንኳ ራሱ ተሰልፎ ይጫወት ነበር። ይህ ጀግንነት ነው፤ አንክድም። ነገር ግን ያግር መንገዱን ተጠርጎ አገኘው።

ሮቤል ለኢትዮጵያ ለመወዳደር በተነሣ ጊዜ ግን አገሩ የስኪ ፌዴሬሽን የሚባል ነገር አልነበራትም። ፌዴሬሽን ከሌለ ዓለም አቀፉ ማኅበር አይቀበልም፤ እርሱ ካልተቀበለ የኦሊምፒክ በር አይከፈትም። ስለዚህ ከወንድሙ ጋር ሆኖ የኢትዮጵያን ብሔራዊ የስኪ ፌዴሬሽን ማቋቋም ነበረበት። እስቲ አስቡት! አንድ ሰው ሯጭም፣ የፌዴሬሽን መሥራችም፣ ገንዘብ ፈላጊም ሆኖ ሲቆም። ከዚያም ቀጥሎ ነጥብ የሚባል ነገር አለ፤ ተወዳዳሪው በየአገሩ እየዞረ በታወቁ ውድድሮች ተሰልፎ፣ ከአሸናፊው ብዙ አለመራቁን ማስመዝገብ አለበት። እንዲያው ባንዲራ ይዤ መጣሁ ቢል አይፈቀድለትም። አዲስ አበባም በመጣ ጊዜ በረዶ ስለሌለ ከሥሩ ጎማ ባለው ስኪ በአስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። የአላፊ አግዳሚውን መገረም እናንተው ገምቱት።

የካቲት 10 ቀን 1998 ዓ.ም. በኢጣልያ፣ ከቱሪን በላይ በምትገኘው በፕራጄላቶ ሮቤል በ15 ኪሎ ሜትር ተሰለፈ። ኢትዮጵያ በክረምት ኦሊምፒክ ስትታይ ያ የመጀመሪያዋ ነበር፤ በመክፈቻው ቀንም ባንዲራዋን የያዘ እርሱ ነው። የኤስቶንያው አንድሩስ ቬርፓሉ በ38 ደቂቃ ከ1 ሴኮንድ አሸነፈ። ሮቤል ከሰማንያ በላይ ሰዎች ቀድመውት ገባ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 8 ቀን 2002 ዓ.ም. በካናዳ በቫንኩቨር ጨዋታ እንደ ገና ተሰለፈ፤ ያን ጊዜ ሠላሳ አምስት ዓመት ሞልቶት ነበር፤ ከዘጠናም በኋላ ገባ።

የክበባችን ክርክር የጋለው በዚህ ላይ ነው። ተቃዋሚዎቹ «ይህ ሰው ስኪ የተማረው በአሜሪካ ነው፤ የጎባ ልጅ ይህን ማድረግ አይችልም፤ እንግዲህ ለእኛ ምን ይረባናል?» ብለው ጠየቁ። የመጀመሪያውን እንቀበላለን። ከእርሱ በኋላም በተከታዮቹ ሦስት የክረምት ጨዋታዎች፣ በ2006፣ በ2010 እና በ2014 ዓ.ም. አንድም ኢትዮጵያዊ አልተሰለፈም፤ የጠረገው መንገድ ተመልሶ ሣር በቅሎበታል። ይህ ያሳዝነናል፤ ደብቀነው ብናልፍም ንግግራችን ጎደሎ ይሆን ነበር።

ስለ መጨረሻነት ግን ሌላ ነገር እንንገራችሁ። ቅድም ያግር ወርቅ አገኘ ባልንበት በናጋኖ ጨዋታ ኬንያዊው ፊሊፕ ቦይት በ10 ኪሎ ሜትር ስኪ ተወዳድሮ የሁሉም መጨረሻ ሆነ። የኖርዌዩ ብዮርን ዴሊ አሸንፎ ሳለ ሽልማቱን ለመቀበል አልቸኮለም፤ ከመግቢያው መስመር ቆሞ ጠበቀውና ቦይት ሲደርስ አቀፈው። ቦይት በኋላ ለወለደው ልጅ ዴሊ የሚል ስም አወጣለት። በቱሪንም ቦይትና ሮቤል በአንድ ውድድር ተሰልፈዋል። በዓለም ላይ ከዴሊ የበለጠ የዳገቱን ልክ የሚያውቅ ሰው ብዙ አልነበረም፤ ስለዚህ እርሱ የመጨረሻውን ሰው ካከበረ፣ ዳገቱን ያላየነው እኛ የምንንቅበት ምክንያት አይታየንም።

ወደ አገራችን እንመለስ። ከጎረቤታችን ከአርሲ፣ ከበቆጂ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ወጥተዋል። የበቆጂ ከፍታ 2,800 ሜትር ያህል ነው፤ የጎባ ከፍታ ከዚያ ብዙ አያንስም። ብርዱም፣ ገብሱም፣ ዳገቱም ያው ነው። በበቆጂ የነበረው ግን አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ናቸው፤ እርሳቸውም በከተማዋ የስፖርት መምህር ሆነው ሳለ ልጆችን ጠዋት ጠዋት እየሰበሰቡ ማሠልጠን ጀመሩ። ሮቤልም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ተማሪ ራሱ መሆኑ ነው። አንዱ ጀማሪ ተከታይ አገኘ፤ ሌላው አላገኘም። ክርክራችን በዚህ ላይ ቆመ፤ ተቃዋሚዎቹም ንግግሩን አብረውን ጻፉት።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ከሚመጣው ቅዳሜ ጀምሮ የክበባችን የሩጫ ልምምድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ይደረጋል። ልጆቻችሁን ከከብትና ከውሃ ሥራ ለአንድ ሰዓት ተኩል እንድትለቁልን እንለምናለን። ሴቶች ልጆችንም ጨምሮ ነው። ጫማ የሌለው በባዶ እግሩ ይምጣ። የእያንዳንዱ ሯጭ ሰዓት በመዝገብ ይጻፋል፤ ሰዓት የሚይዘው ተማሪም የመጨረሻው ሰው እስኪገባ ድረስ ከመስመሩ አይነሣም።