የተጠላው አስቂኝ ገጸ ባሕርይና ለፊልሙ ያስገኘው ጥቅም



በትያትርም ሆነ በፊልም ተመልካችን እንዲያስቅ የተፈጠረ ገጸ ባሕርይ ሳያስቅ ሲቀር፣ እንደ ኪሳራ ተቆጥሮ ይታለፋል። ይሁን እንጂ ያልተወደደ ሁሉ ያልጠቀመ ነውን? የጃር ጃር ቢንክስ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ በቂ መልስ አለው።

ጆርጅ ሉካስ እ.ኤ.አ. በ1977 የጀመረው «ስታር ዋርስ» የተሰኘ ተከታታይ ፊልም ከ16 ዓመት ዕረፍት በኋላ በ1999 አዲስ ክፍል ይዞ ብቅ አለ። ጆሮው የተንጠለጠለው፣ እግሩ የሚደናቀፈውና አንደበቱ የሚኮላተፈው ጃር ጃር በተለይ ሕፃናትን እንዲያስቅ ታስቦ የገባው በዚሁ ክፍል ነው። ብዙ አዋቂዎች ግን አምርረው ጠሉት፤ አንዳንድ ሐያስያንም አነጋገሩ በጥቁሮች ላይ የሚያላግጥ ነው ሲሉ ነቀፉ።

የመጀመሪያው ጥቅሙ በሙያው ረገድ የታየ ነው። አሕመድ ቤስት የተባለው ተዋናይ ድምፁንና እንቅስቃሴውን ሰጥቶ፣ መልኩ በኮምፒውተር የተሠራው ፍጡር ከሰዎች ጋር ሰፊ ሚና ሊጫወት እንደሚችል አስመሰከረ። በ2002 የታየውና የተደነቀው ጎለምም የተጓዘው በዚሁ ጎዳና ነው።

ሁለተኛው ጥቅም በታሪኩ ውስጥ ይገኛል። በ2002 በወጣው ክፍል የጃር ጃር ሚና አጥሯል፤ ነገር ግን እጅግ ከባድ ተግባር ተሰጥቶታል። በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ቆሞ፣ ለቻንስለር ፓልፓቲን የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን እንዲሰጥ ሐሳብ ያቀረበው እርሱ ነው። ፓልፓቲንም ውሎ አድሮ ንጉሠ ነገሥት ሆነ። ሐሳቡን ያቀረበው ተንኮለኛ ቢሆን ኖሮ ተመልካቹ ክፋትን ብቻ ባየ ነበር፤ ያቀረበው የዋህ በመሆኑ ግን አምባገነን በቅን ልቡና ጭምር እንደሚነግሥ ተረዳ። ሊያስቅ ያልሆነለት የዋህ ሊያስተምር ሆነለት።

የዚህ ሁሉ ትርፍ ዋጋ ግን የተከፈለው በአንድ ሰው ሕይወት ላይ ነው። አሕመድ ቤስት የደረሰበት ውርጅብኝ ሕይወቱን ለማጥፋት እስከ ማሰብ አድርሶት እንደነበር በ2018 በይፋ ገልጿል። በ2023 «ዘ ማንዳሎሪያን» በተሰኘው ተከታታይ ድራማ ሕፃኑን ግሮጉን የሚያድን ጀግና ሆኖ ሲመለስ ግን ተመልካች በደስታ ተቀበለው።

እንግዲህ የተጠላ ገጸ ባሕርይ ለፊልም ሊጠቅም ይችላል። የሚናውን ቅርጽ የሚወስኑት ደራሲውና አዘጋጁ ስለሆኑ፣ ሚናው በተጠላ ጊዜ ቀድመው ወጥተው ነቀፋውን መቀበልም የእነርሱ ግዴታ ነው። ተዋናዩን ብቻውን ለድንጋይ ውርወራ አቁሞ ትርፉን መሰብሰብ ግን የሙያ ክብር አይደለም።