አዳራሻችንና የፕላን ፈቃድ፦ ካውንስሉ የሚወስነው እንዴት ነው?

(በነዋሪዎች ማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተሰጠ ማብራሪያ። ላልተገኙትም እንዲደርስ በዚህ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።)



ሁላችሁም እንደሰማችሁት፣ ዕድራችን የሚሰበሰብበት፣ ልጆቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል የሚቆጥሩበት፣ ሐዘን ሲደርስ ለቅሶ የምንቀመጥበት አዳራሽ ፈርሶ በቦታው 24 መኖሪያ ቤቶች ያሉት ፎቅ እንዲሠራ ባለንብረቱ ለካውንስሉ አመልክቷል። ማስታወቂያው በሩ አጠገብ ካለው የመብራት ምሰሶ ላይ ከታሠረ አንድ ሳምንት ሆኖታል። ጽሑፉ ደቃቅ፣ ቋንቋውም የቢሮ ቋንቋ ስለሆነ ምን እንደሚል የጠየቃችሁን ብዙ ናችሁ። የዛሬው ማብራሪያ ለዚሁ ነው።

በሠፈሩ ውስጥ ሁለት ዓይነት ወሬ ይወራል። አንዱ «ካውንስሉ ከወሰነ ቆይቷል፤ ምን ያለፋናል?» የሚል ነው። ሁለተኛው «መቶ ሰው ከፈረመ ነገሩ ይቆማል» የሚል ነው። ሁለቱም ልክ አይደለም። ውሳኔው ገና አልተሰጠም፤ ሲሰጥም በጭብጨባና በፊርማ ብዛት ሳይሆን በጽሑፍ በቀረበ ምክንያት ነው።

ሥልጣኑ ከየት መጣ?

በዚህ አገር መሬት የራስ ስለሆነ ብቻ እንደልብ አይሠራበትም። እ.ኤ.አ. በ1947 ወጥቶ በ1948 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ፣ ሕንፃ ለመሥራት ወይም የነበረውን ሕንፃ ለሌላ አገልግሎት ለማዋል አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ እንደሚያስፈልግ ደነገገ። ዛሬ በእንግሊዝ ዋናው የሚሠራበት የ1990 ሕግ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠውና የሚከለክለው በመጀመሪያ ደረጃ የአካባቢው ምክር ቤት፣ ማለትም ካውንስሉ ነው።

ታዲያ ካውንስሉ ደስ እንዳለው ይወስናል ማለት አይደለም። የ2004 ሕግ እንደሚያዘው፣ ውሳኔው ለአካባቢው የጸደቀውን ፕላን መከተል አለበት፤ ከፕላኑ የሚወጣው ሌላ ክብደት ያለው የፕላን ምክንያት ሲኖር ብቻ ነው። በለንደን ለምንኖር ሰዎች፣ ከካውንስሉ ፕላን በተጨማሪ በ2021 የወጣው የለንደን ፕላንም የዚሁ መለኪያ ክፍል ነው። እንግዲህ ተከራካሪ ሁሉ የሚያቀርበው ነገር በዚህ ሚዛን ላይ ይወጣል።

ማመልከቻው የሚሄድበት መንገድ

ማመልከቻው ተሟልቶ ሲቀርብ ቁጥር ይሰጠውና ይመዘገባል። ንድፉና ወረቀቱ ሁሉ ለማንም ሰው እይታ ክፍት ይሆናል። ለጎረቤት በደብዳቤ ወይም በምሰሶ ላይ ማስታወቂያ ይነገርና አስተያየት ለመስጠት 21 ቀን ይሰጣል። ከዚያ ወዲያ ጉዳዩን የያዘው ባለሙያ ቦታውን ያያል፣ እንደ መንገድ ክፍል ያሉትን ይጠይቃል፣ የመጡትን ደብዳቤዎች አንብቦ ሪፖርት ይጽፋል። አነስተኛ ማመልከቻ በ8 ሳምንት፣ እንደኛው 10 ቤትና ከዚያ በላይ ያለበት ደግሞ በ13 ሳምንት እንዲወሰን ሕጉ ይጠይቃል። ካውንስሉና አመልካቹ ከተስማሙ ጊዜው ሊራዘም ይችላል።

ማን ይወስናል ብትሉ፣ ከመቶ ማመልከቻ ከዘጠና በላዩ የሚያልቀው በባለሙያዎቹ እጅ ነው። የቀሩት ጥቂቶች፣ በተለይም ትልልቆቹና ክርክር ያለባቸው፣ በሕዝብ የተመረጡ የምክር ቤት አባላት ወደሚቀመጡበት የፕላን ኮሚቴ ይቀርባሉ። የኮሚቴው አጀንዳና የባለሙያው ሪፖርት ከስብሰባው አምስት የሥራ ቀን ቀድሞ ይወጣል። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ አስቀድሞ የተመዘገበ ነዋሪም ለጥቂት ደቂቃ፣ በብዙ ካውንስሎች ለሦስት ደቂቃ ያህል፣ ይናገራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ከመረጥናቸው አባላት አንዷን አግኝተን «ድምፅሽን ለኛ ትሰጫለሽ?» ብንላት ቃል ላትገባልን ትችላለች። ይህ ንቀት አይደለም። በኮሚቴው የሚቀመጥ ሰው ሁለቱን ወገን ሰምቶ በክፍት አእምሮ መወሰን አለበት፤ አስቀድሞ ልቡን የዘጋ እንደሆነ ውሳኔው በፍርድ ቤት ሊፈርስ ይችላል። ኮሚቴው የባለሙያውን ሐሳብ ላይቀበል መብት አለው፤ ነገር ግን የፕላን ምክንያቱን ማስረዳት ግዴታው ነው።

የሚመዘነውና የማይመዘነው

የሚመዘነው እንዲህ ያለው ነው፦ አዲሱ ፎቅ የጎረቤትን ብርሃን መጋረዱ፣ መስኮቱ በሰው ጓዳ ላይ መከፈቱ፣ የመኪና ብዛትና የመንገድ አደጋ፣ ጫጫታ፣ የሕንፃው ቁመትና መልክ፣ ዛፍ፣ ጥንታዊ ሕንፃ፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ቦታ መጥፋት።

የማይመዘነው ደግሞ፦ የቤቴ ዋጋ ይወርዳል፣ ከመስኮቴ የማየው ነገር ይከለልብኛል፣ ከባለንብረቱ ጋር የድንበር ጠብ አለን፣ ሰውየው ክፉ ነው፣ ሱቁ ገበያዬን ይሻማል የሚለው ሁሉ ነው። እውነት ቢሆንም ካውንስሉ ሊይዘው አይችልም።

ፊርማ ማሰባሰብ ጉዳዩ ስንቱን እንደሚነካ ያሳያል፤ ይጠቅማል። ዳሩ ግን አንድ ዓይነት ደብዳቤ መቶ ጊዜ ቢገለበጥ የሚያነሣው ምክንያት ያው አንድ ነው። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቢጽፍ ይሻላል። «አዳራሹ ትዝታችን ነው» ብሎ ማቆም አይበቃም። በሳምንት ስንት ቀን፣ ስንት ሰው፣ ለምን ሥራ እንደሚገለገልበት፣ በእግር ተኪዶ የሚደረስበት ሌላ አዳራሽ መኖር አለመኖሩን ጻፉ። የለንደን ፕላን «ኤስ 1» የተባለው ክፍል፣ በሚፈለግበት አካባቢ ያለ የማኅበራዊ አገልግሎት ቦታ ምትኩ ሳይታሰብ እንዳይጠፋ ይጠብቃልና፣ እንዲህ ያለ ዝርዝር ነው ይህን ክፍል ሥራ ላይ የሚያውለው።

በመካከላችን ስላለው ልዩነት

ይህንን ሳንሸፋፍን እንናገር። ከመካከላችን የካውንስል ቤት ለማግኘት ተመዝግበው፣ ልጆቻቸውን በአንድ ክፍል እያሳደጉ ለዓመታት የሚጠብቁ አሉ። ለነሱ 24 ቤት ቀላል ነገር አይደለም፤ የቤት እጥረትም በካውንስሉ ሚዛን ላይ ከባድ ምክንያት ነው። ደግፎ መጻፍም መብት ነው፤ የደገፈ ሰው እንደ ከዳተኛ ሊታይ አይገባም።

ስለዚህ የማኅበራችን ኮሚቴ አቋም «ቤቱም ይሠራ፣ አዳራሹም አይጥፋ» የሚል ነው። ይህ ምኞት ብቻ አይደለም፤ መንገድ አለው። ካውንስሉ ፈቃዱን ከግዴታ ጋር ሊሰጥ ይችላል። በ1990ው ሕግ አንቀጽ 106 መሠረትም ከባለንብረቱ ጋር የሚያስገድድ ውል ይዋዋላል። በምድር ቤቱ አዳራሽ እንዲሠራ፣ ኪራዩ የነዋሪውን አቅም ያገናዘበ እንዲሆን፣ ከቤቶቹም ስንቱ በዝቅተኛ ኪራይ እንደሚሰጡ በዚያ ውል ሊገባ ይችላል። የምንጠይቀው ነገር ግን ለግንባታው አስፈላጊ፣ ከግንባታው ጋር በቀጥታ የተያያዘና መጠኑን የጠበቀ መሆን አለበት። አዳራሽ ለፈረሰበት አዳራሽ መጠየቅ ከዚህ አይወጣም ብለን እናምናለን።

ከውሳኔው በኋላ

አመልካቹ ከተከለከለ፣ እንደኛው ባለ ጉዳይ በስድስት ወር ውስጥ ፕላኒንግ ኢንስፔክተሬት ለሚባለው ከካውንስሉ ውጭ ላለ መሥሪያ ቤት ይግባኝ ይላል። ጎረቤት ግን ፈቃድ ተሰጠ ብሎ ይግባኝ የሚልበት መብት የለውም። የሚቀረው ውሳኔው ሕግ መጣሱን ለፍርድ ቤት ማመልከት ነው፤ እሱም በስድስት ሳምንት ውስጥ ነው፣ ወጪውም ከባድ ነው። እንግዲህ ለኛ ዋናው ጊዜ አሁን ነው። ከ21 ቀን የቀረን ሁለት ሳምንት ነው። ዘግይቶ የደረሰ ደብዳቤ ከውሳኔው በፊት ሊታይ ቢችልም ዋስትና የለውም።

የሚጽፍ ሰው የማመልከቻውን ቁጥር፣ ስሙንና አድራሻውን ያስፍር። ደብዳቤው ለሕዝብ ሊገለጥ ስለሚችል ስድብና ሐሜት አይግባበት። እንግሊዝኛ የሚያስቸግራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የምታስቡትን በአማርኛ ንገሩን፤ ከፊታችን ባሉት ሁለት እሑዶች ከሰዓት በኋላ ወጣቶቻችን በአዳራሹ ተቀምጠው ይጽፉላችኋል። ሐሳቡ ግን የናንተው ይሁን።

አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። የካውንስሉም አሠራር ይኸው ነው፤ ያልተጻፈ ነገር በሪፖርቱ ውስጥ አይገባም።



የነዋሪዎች ማኅበር ኮሚቴ