ብርቱና ታማኝ ሁኑ
(ለተመራቂ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

ምስጋና ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ይህ ምክር በተለይ በዚህ ዓመት ትምህርታችሁን ለምትጨርሱ የጀመዓችን ልጆች ነው። ከጣራ ገዳም ግርጌ እስከ ወረታ፣ ከወረታም እስከ ጣና ዳር ካሉት መንደሮች ወጥታችሁ ገሚሶቻችሁ በባሕር ዳር፣ ገሚሶቻችሁ በደብረ ታቦርና በጎንደር፣ ገሚሶቻችሁም እዚሁ በወረታ ግብርና ኮሌጅ ተምራችኋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ክልላችን ባየው ግጭት ትምህርታችሁ የተቆራረጠባችሁም አላችሁ። ታግሣችሁ እዚህ ደርሳችኋልና አልሐምዱሊላህ።

እኔ በመድረሳ ቀርቼ፣ በቀለም ትምህርትም ሁለተኛ ደረጃን ጨርሻለሁ እንጂ ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም። ስለ ሙያችሁ ከእኔ ይልቅ መምህሮቻችሁ ያውቃሉ። እኔ የምናገረው የጥቁሩ ካባ ከወለቀ በኋላ ስለሚመጣው ቀን ነው።

ሁለቱ መመዘኛዎች

በቁርኣን በሱረቱል ቀሰስ የተነገረውን የነቢዩላህ ሙሳን (ዐ.ሰ.) ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ያደጉት በፊርዓውን ቤት ነው። ከምስር ሸሽተው መድየን ሲደርሱ ግን ቤት የላቸው፣ ሥራ የላቸው፣ የሚያውቃቸው ሰው የላቸው። ከውኃው ዘንድ እረኞች ሲሻሙ፣ ሁለት ሴቶች መንጋቸውን ይዘው ፈንጠር ብለው ቆመው አገኙ። ማን ይከፍለኛል ሳይሉ አጠጡላቸው፤ ከዚያም ወደ ጥላ ዞር ብለው ጌታቸውን ለመኑ። ሥራው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከልጆቹ አንደኛዋ ይህን ሰው ቅጠረው ብላ አባቷን ስትመክር ሁለት ምክንያት አቀረበች፤ ብርቱ መሆናቸውንና ታማኝ መሆናቸውን።

ነቢዩላህ ዩሱፍም (ዐ.ሰ.) የምስርን ግምጃ ቤት ለመረከብ ራሳቸውን ሲያቀርቡ ጠባቂነታቸውንና ዐዋቂነታቸውን ነው ያነሡት። መመዘኛው ያው ሁለት ነው፤ ችሎታና አማና።

እንግዲህ ዲግሪያችሁ የሚመሰክረው ስለ አንደኛው ብቻ ነው። የአማናን ምስክር ወረቀት የትኛውም ዩኒቨርሲቲ አይሰጥም። ፈተናው የሚጀምረው ከምረቃው ማግስት ነው።

ዕውቀት የሰው ነፍስ ነው

አንደኛውንም ግማሽ ቢሆን አትናቁት። ሩቅ ሳንሄድ በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም የሆነውን እናስታውስ። ሰው በማይለቅ ትኩሳት እየማቀቀ፣ ሆዱ እያበጠ፣ ሰውነቱ እየከሳ ይሞት ነበር። አካባቢው የወባ አገር ነውና በመጀመሪያ ወባ ተባለ፤ የወባ መድኃኒቱ ግን አልመለሰውም። በኋላ በምርመራ ካላ አዛር መሆኑ ታወቀ፤ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍና ካልታከሙት የሚገድል በሽታ ነው። ትክክለኛው ሕክምና አዲስ ዘመን ላይ ሲጀመር ብዙ ሰው ከሞት አፋፍ ተመለሰ። በሽታው ያው ነበር፤ የተለወጠው ዕውቀቱ ነው።

ስለዚህ በኩረጃ ያለፈ የጤና ተማሪ የሚያታልለው መምህሩን ብቻ አይደለም። አንድ ቀን ትኩሳት ይዟት የምትመጣውን እናት ነው። መሐንዲሱም ድልድዩን፣ መምህሩም ሕፃኑን እንደዚሁ ያስብ።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፤ ማለፊያውም 50 ከመቶ ነው። ብትወድቁ ደግማችሁ ትፈተናላችሁ፤ ይህ ነውር የለበትም። ነውሩ ወረቀት መግዛት ነው። በሐሰት ማስረጃ የተቀጠረ ሰው ደመወዙን በተቀበለ ቁጥር ሐራም ለመጉረሱ ራሱ ምስክር ነው።

የአማና ፈተናዎች

ቀዳሚው ፈተና በሥራ ፍለጋ ላይ ይመጣል። «ይህን ያህል ከሰጠህ ቦታው ያንተ ነው» የሚል ደላላ አይጠፋም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ጉቦ ሰጪውንም ተቀባዩንም ረግመዋል። ነገሩን በሒሳብም እዩት። አባቱ በሬ ሸጦ ጉቦ የከፈለለት ልጅ ያንን ገንዘብ ከማን ሊያስመልስ ነው? ጉዳይ ሊያስፈጽም ከመጣው ከሌላው ባለ በሬ አይደለምን? በጉቦ የተገባበት ወንበር ጉቦ ይወልዳል።

ሁለተኛው ፈተና ዕዳ ነው። መንግሥት ለከፈለላችሁ የወጪ መጋራት ውል ፈርማችኋል። የሕዝብ ገንዘብ ነውና ማንም አይጠይቀኝም ብላችሁ አትርሱት። ከዚያ ሌላ ያልፈረማችሁበት ዕዳ አለ፤ ለእናንተ ብሎ ሩዙን በአዝመራው ወራት በርካሽ የሸጠ አባት፣ ከአፏ ቀንሳ ስንቅ የቋጠረች እናት፣ እሱ ይማር ብሎ ትምህርቱን ያቋረጠ ታላቅ ወንድም። የመጀመሪያውን ደመወዝ ስትቀበሉ እነዚህን አስቀድሙ።

አማና ምን እንደሚያፈራ ለማየት ቀና ብላችሁ ጣራ ገዳምን ተመልከቱ። በዙሪያው ያለው ተራራ ሲራቆት ያ ደን የቆመው የገዳሙ ሰዎች ከትውልድ ወደ ትውልድ አደራ ብለው ስለ ጠበቁት ነው። ሃይማኖታችን ቢለያይም መልካም ነገር ከጎረቤት ይወሰዳል።

ሥራ አይናቅም

ደብዳቤው ቶሎ ባይመጣስ? እዚህ ላይ ብዙ ልጆቻችን ይሰበራሉ። ሰው እንዳያያቸው ከቤት መውጣት ይተዋሉ፣ ጫት ቤት ይውላሉ፣ ወይም በሕገ ወጥ ደላላ ተመርተው በረሃ ይገባሉ። ወንድሜ፣ በቤተ መንግሥት ያደጉት ሙሳ (ዐ.ሰ.) ለስምንት ወይም ለአሥር ዓመት መንጋ ሊጠብቁ ተዋዋሉ። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) የመካን ሰዎች በጎች በክፍያ ጠብቀዋል፤ ነግደዋልም፤ ታማኙ የሚለውን ስም ያተረፉትም ነቢይ ሆነው ከመላካቸው በፊት ነው። የእኛም አባቶች በዘውዱ ዘመን የርስት መሬት ስላልነበራቸው ብዙዎቹ በሽመናና በንግድ ነው የኖሩት። ሥራን የናቀ የአባቶቹን ታሪክ አያውቅም።

ይህችን ሜዳ ደግሞ በተማረ ዓይን እዩዋት። ክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ ፎገራ ውኃ ይተኛበታል። ይህ እንደ መርገም ይታይ ነበር። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ በጅግና ሩዝ ተሞከረ፤ ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያም ስሙን ከዚያው አገኘ። ያ የተጠላ ውኃ ለሩዙ ሲሳይ ሆነ። ዛሬ እዚሁ ፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ቆሟል፤ የብዙዎቻችሁም ደብተር የተገዛው በሩዝ ገንዘብ ነው። ግን ሩዙ በመፈልፈያ እየተሰባበረ ዋጋው ይወርዳል፤ ሽንኩርቱ ገበያ ሲያጣ ይበሰብሳል፤ እምቦጭ ጣናን ወሯል። ይህ ሁሉ የተማረ ሰው የሚጠብቅ ሥራ ነው። ሙሳ (ዐ.ሰ.) መጀመሪያ አጠጡ፣ ቅጥሩ በኋላ መጣ። እናንተም ደብዳቤ እስኪመጣ ባላችሁ ዕውቀት የአንድ ጎረቤት ማሳ፣ የአንድ ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ፣ የአንድ ደካማ ተማሪ ትምህርት አቅኑ። ሰው የሚያውቃችሁ በዚህ ነው።

መነሻ ገንዘብ ከየት ይምጣ ትሉ ይሆናል። ወለድ በር ላይ ቆሞ ይጠራችኋል፤ አትስሙት። በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሥራ ጀምሯል፤ ሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነፃ አገልግሎት ይሰጣሉ። ሦስት አራት ሆናችሁም አንዱ ገንዘብ፣ አንዱ ጉልበት፣ አንዱ ዕውቀት አዋጥታችሁ በትርፍም በኪሳራም መካፈል ትችላላችሁ። ውሉን ግን ጻፉት፤ ምስክርም አቁሙ። ወንድማማችነት ያለ ጽሑፍ ሲነግድ ብዙ ጊዜ በጠብ ይለያያል።

ለወላጆች አንድ ቃል

እናንተም አባቶችና እናቶች፣ ልጃችሁ ሲመጣ «የእገሌ ልጅ መኪና ገዛ» አትበሉት። ብዙ ልጅ ወደ ሐራም የሚገፋው በገዛ ቤቱ በሚሰማው ቃል ነው። ከየት አመጣኸው ብሎ የሚጠይቅ አባት ምን አመጣህ ከሚለው ይሻላል። ሴት ልጃችሁንም ካስተማራችሁ በኋላ ዲግሪዋን ሣጥን ውስጥ አትቆልፉባት። ነፍሰ ጡሯ ሴት አዋላጅ፣ ሴቷ ተማሪ መምህርት ትፈልጋለች።

ልጆቼ፣ ነገ አንድ ቀጣሪ ስለ እናንተ ይህን የመስጊዳችንን ጀመዓ ቢጠይቅ፣ ብርቱ ነው፣ ታማኝ ነው ብለን ሳንፈራ እንድንመሰክር አድርጋችሁ ኑሩ።

አላህ ዕውቀታችሁን የሚጠቅም፣ ሪዝቃችሁን ሐላል፣ እርምጃችሁን የቀና ያድርገው። ለአገራችንም ሰላም ይስጥልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።