ካሜራው የሚለካው፣ መሐንዲሱ የሚያየው



ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን መንገድ የሚመረምር መሐንዲስ ከሜትሩና ከማስታወሻው ጋር ትንሽ ዲጂታል ካሜራ ይይዛል። ቀትር ላይ አንድ የውኃ ማሳለፊያ ግንብ መሰንጠቁን አይቶ ፎቶግራፍ አነሣ እንበል። ደሴ ደርሶ ሲመለከተው ሰማዩና ማዶ ያለው ገደል አምረው ወጥተዋል፤ ስንጥቁ ያለበት ጥላ ግን ከሰል መስሏል። ግንቡ ከክረምት በፊት ይጠገን ወይስ ይቆይ ብሎ የሚወስነው ኃላፊ ቦታውን አላየም፤ የሚፈርደው በፎቶግራፉ ነው።

ካሜራው አልተበላሸም። ብርሃን ለኪው በፊቱ ያለውን ሁሉ አማካይ ግራጫ አድርጎ ለማውጣት የተሠራ ነው። ስለዚህም ነጭ ጋቢ የካሜራውን ዓይን ሲሞላው አመድማ ይሆናል፤ ጥቁር የባዛልት ድንጋይ ሲሞላው ከልክ በላይ ይነጣል፤ ብሩህ ሰማይ በበዛበትም ጥላው ይጨልማል። በደጋ ፀሐይ ብርቱ፣ ጥላም ጥልቅ ስለ ሆነ ስሕተቱ ይጎላል።

በካሜራው መዘውር ላይ ያሉት ፊደሎች የሥልጣን ክፍፍል ናቸው። «አውቶ» ሁሉን ራሱ ይወስናል። «ፒ» ቀዳዳውንና የመዝጊያውን ፍጥነት መርጦ ሌላውን ለሰው ይተዋል። «ኤ» የቀዳዳውን ስፋት፣ «ኤስ» የመዝጊያውን ፍጥነት፣ «ኤም» ደግሞ ሁለቱንም ለሰው ይሰጣል። ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም «ፒ»፣ «ኤ» እና «ኤስ» የሚታዘዙት ለዚያው ብርሃን ለኪ መሆኑ ነው። ፊደሉን መለወጥ ብቻውን ጨለማውን አያበራም። ለኪውን የሚያርመው የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ቁልፍ ነው፤ +1 ብርሃኑን እጥፍ፣ -1 ግማሽ ያደርገዋል።

ልኩን በቁጥር ማየት ይቻላል። ሰማዩ በጠራ ቀን፣ አይ.ኤስ.ኦ. 100 እና የቀዳዳ ቁጥር 8 ሆኖ፣ ፀሐይ ላይ ላለ ነገር 1/400 ሰከንድ ይበቃል። ሰማይ በሚታይበት ጥላ ውስጥ ላለ ግንብ ግን 8 እጥፍ ያህል፣ ማለትም 1/50 ሰከንድ ያስፈልጋል፤ ከግንቡ ሥር ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ መሐንዲሱ ወደ ስንጥቁ ቀርቦ ሰማዩን ከምስሉ ያስወጣ፤ ወይም +2 ይጨምር፤ ካሜራውንም ድንጋይ ላይ ያስደግፍ። አይ.ኤስ.ኦ.ን እጅግ ከፍ ማድረግ በትንሽ ካሜራ ላይ ነቁጥ ስለሚያበዛ ቀጭን ስንጥቅ ይሰውራል። የምስሉ መጠን ትልቁ ይሁን፤ ከስንጥቁም አጠገብ ማስመሪያ ይቀመጥ። በስልክ የሚያነሣም ጨለማውን ስፍራ በጣቱ ቢነካ ለኪው ወደዚያ ይዞራል።

ሰማዩ ነጥቶ ቢጠፋ አይቆጭም፤ የሚጠገነው ሰማዩ አይደለምና። ካሜራው ብርሃንን ይለካል እንጂ አስፈላጊውን ከማያስፈልገው አይለይም። ያን የሚለየው ከሪፖርቱ ግርጌ ስሙን የሚፈርመው ሰው ነው።