ባሕርን የያዘው የየዓመቱ መዋጮ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ ሮተርዳም ከተማ የቀረበ ንግግር)

 

ኮሚቴው «እዚሁ ተምረሽ እዚሁ የምትሠሪ ነሽና ስለ አገሩ ትንሽ አጫውቺን» ሲለኝ፣ ነርስ ስለሆንኩ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት እንድናገር የጠበቃችሁ ትኖራላችሁ። እሱን በሻይ ሰዓት አናግሩኝ። ዛሬ የምናገረው ስለ ውሃ ነው። ነገሩ ከሰዓት በኋላ የምንወያይበትን አጀንዳ ቁጥር 4ን ይነካል።

ትናንት በአውሮፕላን ስኪፖል ያረፋችሁ፣ ከባሕር ወለል 3 ሜትር ያህል ዝቅ ብላችሁ ነው ያረፋችሁት። ቦታው ቀድሞ ትልቅ ሐይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1849 እስከ 1852 ውሃውን በእንፋሎት ፓምፕ መጥጠው መሬት አደረጉት። ከአገራችን የሚመጣው ጽጌረዳ የሚሸጥበት የአልስሜር የአበባ ጨረታም ከዚያው አጠገብ ነው። ከመላው ኔዘርላንድስ 26 በመቶ ያህሉ መሬት ከባሕር ወለል በታች ነው።

መሬቱ ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ዝቅ ያለ አልነበረም። ከ1,000 ዓመት ገደማ በፊት ገበሬዎች ረግረጉን ለማረስ ቦይ እየቀደዱ ውሃውን አፈሰሱት። ረግረጉ የተከማቸ የበሰበሰ ዕፅ ስለሆነ፣ ሲደርቅ እየሟሸሸ ይሰምጣል። መሬቱ ሲወርድ ውሃው ተመልሶ መጣ። እነሱም «ዳይክ» የሚሉትን የአፈር ክትር ሠሩ፤ ቆይተውም ውሃውን ወደ ላይ የሚያወጣ የነፋስ ወፍጮ አቆሙ። በደረቀ ቁጥር መሬቱ ይበልጥ ወረደ። ዛሬ ወፍጮዎቹ የፎቶ መነሻ ሆነዋል፤ ሥራው ግን በኤሌክትሪክና በናፍጣ ፓምፖች ይቀጥላል። እዚህ አገር «ሠርተን ጨረስን» የሚባል ነገር የለም። ፓምፑ ቆሞ ቢቀር ውሃው ይመለሳል።

ይህ የሚያስፈራቸው ውሃ እንጀራቸውም ነው። «ሮተርዳም» ማለት የሮተ ወንዝ ግድብ፣ «አምስተርዳም» ማለት የአምስተል ወንዝ ግድብ ማለት ነው። ጎርፍ ለመከላከል ወንዙን ሲገድቡት፣ ግድቡ ጋ የደረሰው ጀልባ ዕቃውን አራግፎ ወደ ሌላ ጀልባ ማዛወር ነበረበት። ዕቃ የሚራገፍበት ቦታ ደግሞ ተሸካሚ፣ መጋዘን፣ ነጋዴና ገበያ ይሰበሰብበታል። ከተሞቹ በግድባቸው ላይ ያደጉት እንዲህ ነው።

ዛሬ ከዚህ አዳራሽ እስከ ባሕሩ የተዘረጋው የሮተርዳም ወደብ ርዝመቱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዓመት ከ400 ሚሊዮን ቶን በላይ ጭነት ያስተናግዳል፤ በአውሮፓ ትልቁ ነው። ምስጢሩ የራይን ወንዝ ነው። ከባሕር የመጣው ማዕድን፣ ነዳጅና ኮንቴይነር በወንዝ መርከብ ሆኖ ጀርመን፣ አልፎም ስዊዘርላንድ ባዝል ድረስ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2022 በድርቅ ምክንያት ወንዙ ሲጎድል፣ መርከቦቹ መሬት እንዳይነኩ ጭነታቸውን ቀንሰው ነበር የሚሄዱት። ጀርመን ያሉ ፋብሪካዎች ሳይቀሩ ተቸግረዋል። እዚህ አገር ውሃ ሲበዛም ሲያንስም ጉዳት ነው።

አሁን ወደ አንዲት ታካሚዬ ልውሰዳችሁ። ከዓመታት በፊት ዜላንድ በሚባለው ክፍለ ሀገር በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ እሠራ ነበር። አንዲት አሮጊት ነፋስ በበረታ ሌሊት አይተኙም። ተራዬ ሲሆን አጠገባቸው እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ሕመም መስሎኝ ማስታገሻ ልሰጣቸው ነበር። አንድ ሌሊት ራሳቸው ነገሩኝ። እ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን 1953 ሌሊት ልጅ ሳሉ ባሕሩ ክትሩን ጥሶ ገባ። አባታቸው ልጆቹን አንድ በአንድ ጣሪያ ላይ አወጣ፤ ትንሹ ወንድማቸው ግን ብርዱን አልቻለውም። በዚያ ጎርፍ በዚህ አገር 1,836 ሰዎች ሞተዋል። ክትሮቹ ዝቅተኛና ደካማ መሆናቸውን ባለሙያዎች አስቀድመው ተናግረው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ግን ገንዘቡ ለሌላ ነገር ይፈለግ ነበር፤ ጥገናው ቆየ።

ከዚያ በኋላ «ዴልታ ሥራዎች» የሚባለውን ትልቅ ግንባታ ጀመሩ። ብዙዎቹን የባሕር መግቢያዎች ዘጉ። የሮተርዳምን መግቢያ ግን መዝጋት አልቻሉም፤ ቢዘጉት ወደቡ ይሞታል፤ ክፍት ቢተዉት ከተማው ይሰጥማል። መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ1997 የተመረቀው የማስላንት መከላከያ ሆነ። እያንዳንዳቸው 210 ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ግዙፍ መዝጊያዎች በወንዙ ግራና ቀኝ ተከፍተው ይቆማሉ፤ መርከብ በመካከላቸው ያልፋል። ባሕሩ ከመደበኛው 3 ሜትር ከፍ እንደሚል ሲተነበይ፣ መዝጊያዎቹ ተንሳፈው ወደ መሃል ይመጡና ውሃ ሞልቷቸው ወለል ላይ ይቀመጣሉ። በማዕበል ምክንያት የተዘጉት ከስንት አንዴ ነው። ሆኖም በየዓመቱ ለሙከራ ይዘጋሉ፤ ሕዝቡም ልጆቹን ይዞ ያን ለማየት ይወጣል።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ከዚህ ሁሉ ብረት ጀርባ ያለው አሠራር ነው። ውሃን የሚጠብቅ ራሱን የቻለ ምክር ቤት አለ፤ «ዋተርስኻፕ» ይባላል። አጀማመሩ ከ13ኛው መቶ ዘመን ነው፤ ገበሬዎች ክትራቸውን አብረው ለመጠበቅ ያቋቋሙት። ዛሬ 21 አሉ። ሕዝቡ በየ4 ዓመቱ ተወካዮቹን ይመርጣል፤ የራሱ ግብርም አለው። እዚህ አገር እንደመጣሁ የግብሩ ደብዳቤ ሲደርሰኝ «ደግሞ ለውሃ?» ብዬ አጉረምርሜ ነበር። ገንዘቡ ምን እንደሚሠራ ያየሁት ቆይቼ ነው። ክትር ውስጥ ጉድጓድ የምትቆፍር አንዲት ትልቅ የውሃ አይጥ አለች፤ እሷን የሚያጠምዱ ደመወዝተኞች አሉ። ማዕበል ሲመጣ በክትሩ ላይ በእግር እየሄዱ ስንጥቅ የሚፈልጉ በጎ ፈቃደኞች ይሰለጥናሉ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2003 ቪልኒስ በተባለ መንደር የረግረግ አፈር ክትር በድርቅ ቀልሎ ተንዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በበጋም ይፈትሻሉ።

ጥቅሙን በ2021 ሐምሌ አየነው። ያው ዝናብ ጀርመን ውስጥ ከ180 በላይ ሰው ሲገድል፣ እዚህ ሊምቡርክ ውስጥ ብዙ ንብረት አጠፋ፤ በጎርፉ የሞተ ሰው ግን የለም። ቬንሎ ከተማ ያለው ሆስፒታል ወንዙ ከመድረሱ በፊት ሕሙማኑን ለጥንቃቄ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች አዛወረ። በእርግጥ የዝናቡ ብርታትና የመሬቱ አቀማመጥም ልዩነት ነበራቸው፤ ግን ዝግጅቱም ሥራውን ሠርቷል።

አሁን ወደ ራሳችን። ለጤና ጣቢያችንና ለሰፈሩ ቦኖ ያስቆፈርነውን ጉድጓድ ታስታውሳላችሁ። ሪባን ሲቆረጥ የተነሳው ፎቶ እዚሁ መጽሔታችን ላይ ወጥቶ ነበር። ያኔ ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። ጋሼ ሒሳብ ሹማችን «ለጥገና ትንሽ ይቀመጥ» ሲሉ፣ «ጥገናውን አገር ቤት ያሉት ይወጡታል፤ ባለን ሌላ ጉድጓድ እንቆፍር» ብዬ የተከራከርኩት እኔ ነኝ። ድምፁንም አሸነፍኩ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ፓምፑ ቆመ። የተበላሸው ዕቃ ውድ አልነበረም፤ ግን የሚገዛበት ገንዘብም፣ የሚጠየቅ ሰውም አልነበረም። 7 ወር ሙሉ ለመውለድ የመጡ እናቶች ቤተሰቦች ውሃ በጀሪካን ተሸክመው ይመጡ ነበር። አዋላጇ ነርስ በስልክ «እህቴ፣ እጄን በምን ልታጠብ?» ስትለኝ መልስ አልነበረኝም። እጅ መታጠብ በሙያዬ የመጀመሪያው ትምህርት ነው። ጋሼ፣ ዛሬ በሁሉም ፊት ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ።

እኛ የሆላንድን ሀብት የለንም፤ ማስላንትን እንሥራ አላልኩም። እነሱም ሲጀምሩ ግን ገበሬዎች ነበሩ፤ የጀመሩትም በመዋጮና በየተራ ክትር በመጠበቅ ነው። አጀንዳ ቁጥር 4 የሚለው ይህንኑ ነው፦ ከየዓመቱ መዋጮ ከአሥር አንዱ ለጥገና ብቻ ይቀመጥ፤ የውሃ ኮሚቴው በየ3 ወሩ ፓምፑን አይቶ ሪፖርት ይላክልን፤ ለአንድ ጠባቂም አነስተኛ ደመወዝ ይቆረጥ። ለጥገና ሪባን አይቆረጥም፣ ፎቶም አይነሳም። ሆኖም ከሰዓት በኋላ እጃችሁን ስታወጡ፣ ጀሪካን ተሸክመው የመጡትን አስቡልኝ።